ፊታውራሪ ክብሪት

እሳቱ የኔ ነው። አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ «ማተቤ ደብቆ ደብቆ መጨረሻ ላይ አወጣት» እንዳትለኝ። የአቶ ፈረደን ሰሊጥ ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። እኔ፣ የቀበሌው ሚሊሻ፣ እሳት እንዳይነሳ ጠብቅ ተብየ ጠመንጃ ይዠ የቆምሁት። ሆን ብየ አይደለም፤ በማርያም! ግን ሆን ብየ አለማድረጌን ለማን ልንገረው? ሊሰማኝ የሚገባው ሰው ድንበር ተሻግሯል።

ነገሩ የተጀመረው በገመድ ነው። አቶ ፈረደ ከሽንፋ ወዲህ ጫፉ የማይታይ የሰሊጥ እርሻ ያለው ባለሀብት ነው። መስከረም ሲጠባ ከወሎም፣ ከጎጃምም፣ ከበለሳም ሳሉግ ይጎርፍለታል፤ ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ የሚወርደውን ደገኛ የቀን ሠራተኛ ነው። መሬቱ በገመድ ይለካል፤ አንድ ቡድን ይህን ያህል ገመድ ተቀብሎ ያጭዳል፣ የሚታሰብለትም በገመድ ቁጥር ነው። ዘንድሮ ታዲያ ገመዱ ረዝሟል ተባለ። «አምና ለምሳ የምንጨርሰው አንድ ገመድ ዘንድሮ ጀንበር ጠልቃም አያልቅ» አሉ። አቶ ፈረደ «ገመዱ ያው ነው፣ እናንተ ናችሁ የሰነፋችሁ» ብሎ ጮኸባቸው። እኔን ብትጠይቀኝ ገመዱ ረዝሟል። ገመድ ሲያረጅ ይለጠጣል ብለህ ብትሟገተኝ እንኳ ሁለት ክንድ አይለጠጥም። ግን ማን ጠየቀኝ? እኔ ጠባቂ ነኝ።

አንድ ጧት የትራክተሩ መሪ ላይ ወረቀት ተሰክቶ ተገኘ። በሰማያዊ እስክርቢቶ እንዲህ ይላል፦ «ገመዱ ወደ ልኩ ካልተመለሰ ሰሊጡ ይጋያል። በዚህ ገመድ የሚያጭድም ሰው የገዛ ማጭዱን ይፍራ። ፊታውራሪ ክብሪት ነኝ።»

መጀመሪያ ሳቅን። ፊታውራሪ ክብሪት! ይኸ ደግሞ እንዴት ያለ ስም ነው? በሁለተኛው ቀን ግን ሳቁ ቀረ። ሽንፋ ገበያ ሻሂ ልጠጣ ብለህ ብትቀመጥ አንዱ ጠጋ ይልህና «ፊታውራሪ ትናንት በሱዳን በኩል ገባ አሉ» ይልሃል። ሌላው «ኧረ ገለጉ ነው ያለው፣ አርባ ሰው አስከትሏል» ይላል። አየሁት የሚል የለም፤ አላውቀውም የሚልም የለም። የአቶ ፈረደ አዋሳኝ የሆነው ባለእርሻ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ገመድ አሳጠረ። አንዲት ወረቀት ይኸን ሁሉ ሠራች፣ አቦ!

አቶ ፈረደ ወረዳ ሄዶ አለቀሰ። ወረዳውም ኢንስፔክተር እንዳልካቸውን ከስድስት ፖሊስ ጋር ላከልን። ኢንስፔክተር ልጅ ነው፤ ደጋ ያደገ፣ ትምህርቱ ጥሩ፣ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ የሚውል። እኔን አስጠርቶ «አቶ ማተቤ፣ ሂላው በእርስዎ እጅ ነው» አለኝ። ሂላ ማለት የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ፣ ነዶ ከነዶ እየተደጋገፈ ቆሞ የሚደርቅበት ክምር ነው። ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ያኔ ሸራ ዘርግተህ፣ ገልብጠህ ታራግፈዋለህ። በጊዜ ካልደረስህለት ራሱን መሬት ላይ ያራግፋል። እሳት ከነካው ደግሞ አለቀ በቃ።

የዚያን ቀን ሳሉጉ ማጭዱን ጥሎ፣ ገመዱ ካልተስተካከለ አንሠራም ብሎ፣ ወንዙ ዳር ባምባው ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ፖሊሶቹም እዚያው ናቸው። ሂላው ዘንድ እኔ ብቻየን ነኝ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ በቲማቲም ጣሳ ሻሂ ጣድሁ። ሦስት ድንጋይ፣ ሁለት እፍኝ ጭራሮ፣ ይኸው ነው። ገና አንዴ ፉት ሳልል ከባምባው በኩል ጩኸት ተሰማ፣ የኢንስፔክተሩ ፊሽካም ተነፋ። ተጋደሉ ብየ ብድግ አልሁ። ፍሙን ምን ላድርገው? መሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ጨመርሁት፣ በእግሬ አፈር መለስሁበትና ሮጥሁ።

ደገኛ ከሆንህ ይኸ ይገርምህ ይሆናል። የኛ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዝናቡ ሲቆም ይሰነጠቃል፣ እጅህን እስከ ክርንህ ያስገባሃል። ቢላዋ ይውጣል፣ ሞባይል ይውጣል። ቆላ ያደገ ሰው ፍሙን የሚያጠፋው ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ አባቴም እንዲሁ፣ እኔም ዕድሜየን ሙሉ እንዲሁ። ያላሰብሁት አንዲት ነገር ናት። ሰሊጡ ሲታጨድና ሲከመር ቅጠሉ ረግፎ ስንጥቁን ሞልቶታል። እሳቱ ከመሬት በታች እንደ አይጥ ሄዶ ሂላው ሥር ብቅ አለ።

ጩኸቱ ለካ በከንቱ ነው፤ እባብ አይተው ነው የተንጫጩት። ስመለስ ጭሱን አየሁት። ከጉልቻየ እስከ ሂላው ድረስ፣ በስንጥቁ ላይ፣ ቀጭን ጭስ በመስመር ይወጣል። ወዲያው ገባኝ። ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? «እሳት!» ብየ ጮህሁ? አልጮህሁም። መጀመሪያ ጣሳየን ጉድጓድ ውስጥ ወሽቄ ድንጋይ ጫንሁባት። ከዚያ ነው የጮህሁት። እሳቱ አደጋ ነው እንበል፤ ወንጀለኛ የሆንሁት ጣሳዋን ስቀብር ነው።

ሳሉጉ ቅጠል እየዘነጠፈ ደረሰ። ያደሙት ሰዎች፣ እነሱው ራሳቸው! ፊት ፊት የሚሮጠው ደሴ ነበር። ደሴ የወሎዎቹ ቡድን መሪ ነው፤ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ቢሆነው ነው፣ ሲናገር ሰው ዝም የሚልለት ዓይነት። የሚነደውን ነዶ በእጁ እየጎተተ ካልነደደው ለየው። ዘጠኝ ሂላ ጋየ፤ እሱ ባይኖር ሠላሳውም ይሄድ ነበር። ክንዱ እስከ ክርኑ ተላጠ። ሚስቱ ውባንች፣ ለቡድኑ ምግብ የምታበስለው፣ ነጭ ሻሿን ከራሷ ፈትታ አሰረችለት። ይኸን ሁሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

«ማንን አዩ?» አለኝ ኢንስፔክተር።

«ማንንም።»

«እንዴት ማንንም? እሳት ብቻውን ይነሳል?»

እሱ ግን መልሴን መች ጠበቀ፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «ያው ነው፣ ፊታውራሪ ክብሪት» አለና ትከሻየን መታ መታ አደረገ። «አይዞዎት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

ስድስት ፖሊስ ሁለት መቶ ሳሉግ ምን ያደርጋል? አንዱን ቢይዙ ሌላው ይነሳል። ስለዚህ የአገር ሽማግሌው አለቃ ለተሥላሴ «አውጫጭኝ ይጠራ» አሉ፣ ኢንስፔክተርም እፎይ ብሎ ተስማማ። አውጫጭኝ የቆየ ሥርዓት ነው። ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራ መሄድ የለም፣ ቤት መግባት የለም። አንድ በአንድ ትቀርባለህ፤ ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እስላሙ በቁርኣን ይምላል፣ የሚያውቀውን ይናገራል። አየሁ ማለት አይጠበቅብህም። «ወፌ ነገረችኝ» ትላለህ፤ ወፏ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ተራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እንግዳው፣ ቀጥሎ ነዋሪው፣ መጨረሻ ጠባቂና ሹም። እኔ መጨረሻ ነኝ ማለት ነው።

ያቺ ተራ ናት ያጠፋችኝ። «ተራየ ሲደርስ እናገራለሁ» አልሁ ለራሴ። ሥርዓት አይደል? ሥርዓት ማፍረስ ደግ ነው? እያልሁ ራሴን አባበልሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ የፈራሁት እስሩን አይደለም። ጠመንጃው የመንግሥት ነው፤ ግን ከትከሻየ ሲወርድ የሚቀረው ማተቤ ማን ነው? መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ። በዚህ አገር ስሜ የተጠራው በኢላማየና በምላሴ ነው። አምና ከብት ነድቶ ሱዳን የገባውን ሳጂድን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ና ግባ፣ ነገሩ በሽምግልና አልቋል፣ የሚነካህ የለም» ብየ ላክሁበት፤ አምኖኝ መጣ፣ የድንበሩ ድልድይ ላይ አሰርነው። ያን ጊዜ ሽንፋ ላይ የሻሂ ዋጋ ያስከፈለኝ ሰው አልነበረም። ሳሉጉ ሳይቀር «ያ ሰውየ ነው» እያለ ይጠቋቆምብኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በዝምታ አለፈ። አንዱ ቀርቦ ይምላል፣ «ወፌ ዝም ብላለች» ይላል፣ ይመለሳል። ሌላውም እንዲሁ። ሁለት መቶ ሰው ባምባው ሥር ተኮልኩሎ ትንኝ ያባርራል። አቶ ፈረደ መቀመጥ አልቻለም፤ ሂላውን ያያል፣ ሰማዩን ያያል። ንፋስ ሽው ባለ ቁጥር ሰሊጡ ሲረግፍ ይሰማል፣ ሽርርር ሽርርር። ሳይታጨድ የቆመውም አፉን እየከፈተ ነው። በእሳቱ ከጠፋው ይልቅ እሳቱን ስንፈልግ የጠፋው ሊበልጥ ነው። እኔ ጠመንጃየን ታቅፌ ያን ድምፅ እሰማለሁ። ቁርጠት ያዘኝ ብየ ሦስት ጊዜ ወጣሁ፤ ሦስቴም ጣሳዋ የተቀበረችበትን ድንጋይ አይቸ ተመለስሁ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከሌላ ቡድን የሆነ አንድ ሰው ቀረበ። ማለ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ወፌ፣ ክንዱ የተቃጠለውን ጠይቁት አለችኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ የደሴን ሻሽ አየ።

ከዚያማ ምን ልበልህ! ወፉ ሁሉ ተጠራርቶ አንድ ዛፍ ላይ አረፈ። የሚቀጥለውም ክንዱን አለ፣ የሚቀጥለውም። የኋለኛው ደግሞ «ወፌ፣ ደሴ ወረቀት ሲጽፍ አየሁት አለችኝ» ብሎ ጨመረበት። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ደክሟቸዋል፤ ሥራቸው ቆሟል፤ አንድ ስም ከወጣ ሁሉም ይለቀቃል። ውባንች ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ጮኸች። «እሳት ሲያጠፋ ነው የተቃጠለው! ሁላችሁም ነበራችሁ! ምነው አንድ ሰው ይጥፋ?»

«ተራሽን ጠብቂ ልጀ» አሏት አለቃ ለተሥላሴ።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። እዚያችው ላይ! አፌን ከፈትሁ ስልህ፣ ከፍቸ ዘጋሁት።

ለምሳ ሲበተን ደሴ ውኃ ልጠጣ አለ፤ አጅበው ተባልሁ። ከትራክተሩ ጥላ ሥር በርሜል አለ። በጣሳ ቀዳ፣ አልጠጣውም፣ ያዘው ብቻ።

«አያ ማተቤ፣ እርስዎ ሂላው ዘንድ ነበሩ።»

«ነበርሁ።»

«እኔን እዚያ አይተውኛል? እሳቱ ሳይነሳ?»

«አላየሁህም።»

«እንግዲያ ይኸንኑ ይበሉልኝ። ሌላ አልለምንዎትም። አላየሁትም ይበሉ፣ በቃ።»

«እላለሁ። ተራየ ሲደርስ እላለሁ።»

«ተራዎ መቼ ነው?»

«ነገ ከሰዓት ሳይሆን አይቀርም።»

ፈገግ አለ፤ ያቺን ፈገግታ እስካሁን አልረሳኋትም። «ነገ ከሰዓትማ እኔ ወህኒ ቤት ነኝ አያ ማተቤ። ስሜ ከወጣ ማን ይሰማዎታል?» ውኃውን መሬት ላይ ደፋው፤ ጣሳውን አስተካክሎ በርሜሉ ላይ አኖረው።

ስንመለስ ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ከኪሱ አውጥቶ ቆሟል። ደሴ አየው። ከዚያ ሮጠ። ወደ ወንዙ፣ ባልታጨደው ሰሊጥ መካከል፣ ፍሬውን እያረገፈ።

«ተኩስ! ማተቤ፣ ተኩስ!» አለ ኢንስፔክተሩ፤ «እርስዎ» ማለቱን እንኳ ረሳው።

አነጣጠርሁ። አልዋሽህም፣ አነጣጠርሁ። እጀ ለምዶት ነው። ነጩ ሻሽ በኢላማየ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ርቀት ስቸ አላውቅም። ከኋላየ ውባንች ስሙን ትጠራለች። ይኸን ሰው በራሴ እሳት ልገድለው ነው አልሁ። እግዚኦ! ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

«እሳቱ የኔ ነው!»

ማን ይስማኝ? አንዱ ፖሊስ ሁለት ጊዜ ተኮሰ፣ ሳተው። ደሴ የሽንፋን ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ገባ። «እሳቱ የኔ ነው! የኔ ነው!» እያልሁ እጮሃለሁ፤ ኢንስፔክተሩ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ውኃ አምጡለት አለ። አቶ ፈረደ «ሳሉጉ ገዝቶታል!» ብሎ ደረቴን ያዘኝ። ስዋሽ ሁለት ቀን ሙሉ ያመኑኝ ሰዎች እውነቱን ስናገር አበደ አሉ።

ዶማ ይዠ መራኋቸው። መጀመሪያ ጣሳዋን አወጣሁላቸው፤ የሻሂው ቅጠል እንኳ ታችዋ ላይ ደርቋል። ከዚያ ስንጥቁን መፈልፈል ጀመርሁ። የከሰለው ቅጠል እንደ ጥቁር ክር እየመራን፣ ክንድ በክንድ፣ ሂላው እስከነበረበት አመድ አደረሰን። ሁለት መቶ ሰው ከበበኝ። አለቃ ለተሥላሴ ጎንበስ ብለው ክሰሉን በጣታቸው ነኩት።

«ለምን ትናንት አልተናገርህም?»

«ተራየን ስጠብቅ፣ አባቴ።»

«እሳቱ ተራ ጠብቆ ነው የተነሳው?» አሉኝ።

ሳሉጉ በዚያው ሰዓት ገመዱን ከአቶ ፈረደ መጋዘን አወጣው። ማንም አልከለከላቸውም፤ ፖሊሶቹም ደክሟቸዋል። በክንድ ለኩት። ሁለት ክንድ ትርፍ አለው። አቶ ፈረደ ሰሊጡ እየረገፈበት ምን አማራጭ አለው? ቆረጠው፣ እነሱም ማጭዳቸውን አነሱ። ፊታውራሪ ክብሪት አንዲት እንጨት ሳይጭር አሸነፈ ማለት ነው። እኔን ጠመንጃየን ተቀብለው ወረዳ ወሰዱኝ። ሁለት ወር ታሰርሁ፣ በዋስ ወጣሁ፤ ክሱ አላለቀም፣ ከመተማ እንዳልርቅ ፈርሜአለሁ።

አሁን መተማ ዮሐንስ ጉምሩኩ አጠገብ የመኪና ጭነት እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። ውባንችም እዚያው ናት። ቡድኑ አጨዳው ሲያልቅ ወደ ወሎ ሲመለስ አልሄድም አለች፤ ከድልድዩ ትይዩ ላስቲክ ወጥራ ሻሂ ትሸጣለች። ከሱዳን የሚመጣውን ሰው ፊት ፊቱን ስታይ ትውላለች። መጀመሪያ ቀን ሳያት ልሸሽ ነበር፤ እሷ ናት የጠራችኝ።

«ይቀመጡ» አለችኝ። ሻሂ ሰጠችኝ። «ወረቀቱን የጻፈው ደሴ ነው» አለችኝ ድንገት። «እኔ አጠገቡ ተቀምጨ። እየሳቅን ነው የጻፍነው። የሚያስፈራ ስም አምጭ አለኝ፣ እኔ ነኝ ክብሪት ያልሁት። ልናቃጥል አልነበረም አያ ማተቤ፤ ልናስፈራራ ነው። ለዚህ ነው የሮጠ። ክንዱን ቢያስረዳ እጅ ጽሕፈቱን ምን ይላል?»

«አሁን እኮ የሚፈልገው የለም። ኢንስፔክተሩ ራሱ የደሴ ዶሴ ተዘግቷል ብሎኛል።»

«እሱ ይኸን የት ያውቃል?» አለች። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፣ ምን ያሳፍራል?

እንግዲያ እኔ አሳውቀዋለሁ ብየ ተነሳሁ። ካሊድ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ጋላባት እየተሻገረ ሳሙናና ብስኩት የሚነግድ፣ ማዶ ያሉ እርሻዎችን ሁሉ የሚያውቅ። «ካሊድ፣ አንድ ሰው ፈልግልኝ። ግራ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለበት። እንዲህ በልልኝ፦ ማተቤ ነኝ፣ እሳቱ የኔ መሆኑን አምኛለሁ፣ ታስሬም ወጥቻለሁ። ነገርህ አልቋል። ና ግባ፣ የሚነካህ የለም።» ካሊድ ቃል በቃል ደገመልኝ። ሳይሳሳት እንዲይዘው ሁለት ጊዜ አስደገምሁት።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። መኪና ባራገፍሁ ቁጥር ዓይኔ ድልድዩ ላይ ነው። ውባንችም ሳትጠይቀኝ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ።

ካሊድ ባለፈው ቅዳሜ ጧት መጣ። ገና ከሩቅ ስሮጥበት «ያ ዞል፣ ቀስ በል!» አለኝ፤ በሱዳንኛ አንተ ሰው ማለቱ ነው። ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ፣ ላቡን ጠረገ። ልገድለው ምንም አልቀረኝ።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት። አንድ እርሻ ላይ ማሽላ ይቆርጣል። ደኅና ነው።»

«ነገርኸው?»

«አንዲት ቃል ሳላስቀር።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ካሊድ ወደ ጎን አየ። «ሳቀ። 'ማተቤ ነው የላከህ? ተራው ደረሰ እንዴ?' አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

«ቀጥል» አልሁት።

«ከዚያ 'ሳጂድም ላይ እንዲህ ብሎ ነው የላከው' አለኝ። እኔ ወላሂ ብየ ማልሁለት፤ ይባስ ፊቱ ጠቆረ። በማግስቱ እንደገና ላነጋግረው ብሄድ የለም። ሌሊቱን ዕቃውን ሸክፎ ወደ ገዳሪፍ በሚሄድ መኪና ላይ ወጣ አሉኝ። ወደ መሀል ሱዳን ገባ፣ ማተቤ። ከዚያ ወዲያ እኔም አልደርስበት።»

ና ግባ፣ የሚነካህ የለም። ይኸው ነው ያልሁት። ሳጂድ ላይ የላክሁት ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልለወጥሁም። በሕይወቴ አንዴ እውነት ብየ የላክሁት ቃል ስዋሽ ከላክሁት ጋር አንድ ሆነ። ሌላ ቃል አላውቅማ! ሃያ ዓመት ጠመንጃ ይዞ የኖረ ሰው ሌላ ምን ቃል ያውቃል?

ለውባንች ነገርኋት። ልደብቃት አልሁ፣ ግን መደበቅ ሰለቸኝ። ትጮሃለች፣ ትረግመኛለች ብየ ነበር። ፈልቶ የነበረውን ሻሂ ደፋችው። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ላስቲኩን ፈታች፣ አጣጥፋ በነጠላዋ ቋጠረችው።

«የት ልትሄጅ ነው?»

«እኔን በዓይኑ ካላየ አያምንም።»

«ውባንች፣ ማዶ እኮ ጦርነት ነው!»

«ወዲህስ ምን ነበር?» አለችኝ።

ጥቅሏን አነሳሁላት። አልከለከለችኝም። በተደረደሩት መኪኖች መካከል ጎን ለጎን ሄድን፤ ሰው ያየናል፣ የሚያውቀኝ ሰላም ይለኛል። ድልድዩ ሊደርስ ሃያ ርምጃ ሲቀር ቆመችና እጇን ወደ ጥቅሉ ዘረጋች።

«ይብቃዎት አያ ማተቤ።»

«እስከ ኬላው ላድርስሽ እንጅ።»

«አይሆንም። ከእርስዎ ጋር መሆኔን ማዶ ያለ ሰው አይቶ ቢነግረው እኔንም አያምነኝ።»

ጥቅሉን ሰጠኋት። ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ገባሁና እስክትሻገር ድረስ እዚያው ቆየሁ።